ከደም ምርመራ በፊት ስድሳ ቁጭ ብድግ

ሊፍት ጠጋኙን «ብረቱ» ያሉት የጂም ጓደኞቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲያቃና ይውላል፤ ራሱ ግን በደረጃ ነው የሚወጣው። ጠዋት ሩጫ፣ ማታ ብረት፣ እሑድ ሁለቱንም። የዚንክና የማግኒዚየም ክኒን ከኪሱ አይጠፋም። ዕረፍት ግን ማዕድን ስላልሆነ አይወስደውም።

በዚያ ጂም ወንድ የሚመዘነው በሚያነሳው ብረት ብቻ አይደለም። የወንድነት ሆርሞኑን፣ የቴስቶስትሮንን፣ ውጤት ከላቦራቶሪ አምጥቶ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። የጂሙ ሊቃውንት አንድ ጥበብ ደርሰውበታል፦ ደም ከመስጠት በፊት ኮሪደሩ ላይ ስድሳ ቁጭ ብድግ የሠራ ሰው ሆርሞኑ ይጨምራል። የሚጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ ይከርማል።

ብረቱ ካገባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የለም። የሄዱባት ዶክተር ሁለታችሁም ተመርመሩ አለቻቸው። የኛ ጀግና እንደ ልማዱ ቁጭ ብድጉን ሠርቶ፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ክንዱን ዘረጋ። ቁጥሩ ሰማይ ነካ። የዘር ፈሳሽ ምርመራውንማ ሌላ ቦታ አሠርቻለሁ፣ ደህና ነው ብሎ ዋሸ። ስለዚህ ጥፋተኛዋ ሚስት ሆነች። እናቱም «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ፤ መቼም እናት ልጇን አታማም። በመጨረሻ ሆዷ ተከፍቶ እንዲታይ ቀጠሮ ተያዘ።

በቀጠሮው ቀን ሚስቱ የሆስፒታል ጋውን ለብሳ አንዲት ነርስ ያቀረበችላትን የቀዶ ጥገና ፈቃድ ለመፈረም እስክሪብቶ አነሳች። ብረቱ ያን ጊዜ ቀለጠ።

«ቆይ፣ አትፈርሚ» አላት። «ቁጭ ብድግ ሠርቼ ነው።»

ሚስቱም ነርሷም ምን እንደሚያወራ አልገባቸውም። ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ስድሳው፣ ስለ ጂሙ መስታወት፣ ስላልተደረገው ምርመራ አንድ በአንድ ተናዘዘ። ሚስቱ እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ሆዴን ልታስቀድደኝ ነበር? ለመስታወት ብለህ?»

ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ በጠዋት፣ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እየጠበቀችው ደም ሰጠ። ሆርሞኑ የጡረተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የዘር ምርመራውም አላኮራም። የትኛው ክኒን ይሻለኛል ብሎ ጠየቀ። ዶክተሯ ዚንክ የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው፣ አንተ የጎደለህ እንቅልፍ ነው፤ ያለ ዕረፍት የሚደበደብ ሰውነት ዘር ማምረቱን ይቀንሳል አለችው። ለሦስት ወር ብረትም ሩጫም ከለከለችው።

ልጅ ይምጣ አይምጣ ገና አልታወቀም። ሚስቱ ግን ሥራ ስትሄድ የመሮጫ ጫማውን በቦርሳዋ ይዛበት ትወጣለች።