ራስ ማዞር በስልጥኛ

ቦሌ ባለ አንድ የትርጉም ቢሮ ውስጥ ለጤና ጣቢያዎች የሚሆኑ ቃላት በሦስት ቋንቋ ስናዘጋጅ፣ ስልጥኛው የእኔ ድርሻ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ስልጥኛዬ የልጅነት ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። የማላውቀውን ሁሉ አባቴን እጠይቀዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ መገናኛ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ አያት ሰፈር እኔ ቤት ይኖራል። ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ፋይላችን ተመለሰ። የጤና ጣቢያዎቹን መተግበሪያ የሚሠሩት ልጆች ኮምፒውተሩ አምታታው አሉ። እኔ የላክሁት ተራ ሰንጠረዥ ነበር፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ ጎን ለጎን። ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ሲገጥመኝ ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ አጭቄ ነበር።

የቢሯችን የዳታ ባለሙያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ከቃሉ አትነሺ፣ ከትርጉሙ ተነሺ» አለችኝ። «ለአንድ ትርጉም አንድ መዝገብ ትከፍቻለሽ። በሥሩ ቋንቋዎቹ ይገባሉ፤ በየቋንቋው ሥር ደግሞ ቃላቱ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። እንዲህ ከሆነ የማንም ኮምፒውተር ያነበዋል።» ከዚያ «ራስ ማዞር» ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እነዚህ ሁለት የስልጥኛ ቃላት ትርጉማቸው አንድ ነው ወይስ ሁለት?»

አላውቅም ነበር። እቤት እንደገባሁ አባቴን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

«እንዴት አንድ ይሆናል ልጄ! የመጀመሪያው ቤቱ ሲዞርብሽ ነው፤ ብትተኚም ይዞርብሻል። ሁለተኛው ሌላ ነው፤ ቤቱ አይዞርም። ስትነሺ ዓይንሽ ጨለም ይላል፣ ጉልበትሽ ይከዳሻል፣ ግድግዳ ትይዣለሽ። በተለይ ከስግደት ቀና ስትዪ።»

እጄ መጻፉን አቆመ።

«አባዬ፣ አንተን ያምሃል እንዴ?»



«ትንሽ ነው፤ ከረመዳን ወዲህ» አለ። «ሥራ በዝቶብሻል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። አጠገቡ እየተቀመጥኩ የበሽታ ስም ስጠይቀው የከረምኩት እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ «አንተስ ደህና ነህ?» አላልኩትም። እጁን ያዝኩት።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ «ያዞርዎታል?» ሲለው አባቴ ኮራ ብሎ «ኧረ አያዞረኝም» አለ። አልዋሸም።

«ዶክተር፣ ቤቱ አይዞርበትም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሲነሳ ነው ዓይኑን የሚያጨልመው።»

ሐኪሙ አንዴ አስተኝቶ፣ አንዴ አቁሞ ግፊቱን ለካው። ለደም ግፊት የሚወስደው መድኃኒት በዝቶበት ኖሯል፤ ቀነሰለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግድግዳ ሳይዝ ከስግደቱ ሲነሳ በበሩ ቀዳዳ አየሁትና ማልቀስ ጀመርኩ።

በፋይሉም ላይ ሁለቱን ቃላት ለየኋቸው፤ ሁለት መዝገብ ሆኑ። የመተግበሪያው ልጆችም ያለችግር ተነበበልን አሉ። የመጨረሻውን ቅጂ ከመላኬ በፊት ለእያንዳንዱ ቃል ከማን እንደተገኘ መሙላት ነበረብኝና «ስልጥኛ ተናጋሪ፣ የመገናኛ ነጋዴ የነበሩ» ብዬ ጽፌ ለአባቴ አነበብኩለት።

«‹የነበሩ› የምትለዋን አጥፊያት፤ ገና አለሁ» አለኝ።

አጠፋኋት።