የአክሱምና የላሊበላ አጭር መንገድ

የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ሰው መመዘን ነበር። የዚያን ጊዜ አውሮፕላን ትንሽ ስለነበር፣ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቢሯችን መንገደኛው ከነሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እኔ ኪሎውን አይቼ እመዘግባለሁ። ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ የአንዲት የመጋላ ገበያ ነጋዴን ኪሎ ጮክ ብዬ ጠራሁት። "አንቺ፣ ልትሸጪኝ ነው እንዴ?" ብላ ቤቱን ቀወጠችው። አለቃዬ አቶ መኩሪያ ወደ ጥግ ጠሩኝና "ኪሎ ይጻፋል እንጂ አይታወጅም" አሉኝ።

እያደር ትኬት ሻጭ ሆንኩ። በጣም የምወደው የሰሜኑን መስመር መሸጥ ነበር። የሰሜን ሰው መንገዱን በበቅሎ ቀን ስለሚቆጥር፣ የበረራውን ሰዓት ስነግረው አፉን ይዞ ሲቀር ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የባቡር ነጂው አቶ ደስታ ከወዳጃቸው ከጨርቅ ነጋዴው ከሐጂ አብዲ ጋር መጡ። የአቶ ደስታ ልጅ ላሊበላ አስተማሪ ነው፤ እዚያው አንዲት ልጅ ወዷል። አባቷ ግን "ሁዳዴ ሳይገባ ሽማግሌ ካልመጣ ለሌላ ጠያቂ እሰጣለሁ" ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ወዳጆችና አክሱም ያሉት ቄሱ የአቶ ደስታ ታላቅ ወንድም ናቸው።

"ወንድሜን ይዘን ከአክሱም በበቅሎ ብንነሣ ጾሙ ይቀድመናል። በአውሮፕላንስ?" አሉኝ አቶ ደስታ።

"ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ጋሼ!" አልኩ በኩራት።

ፊታቸው ጠቆረ። "ታዲያ አባትየው 'ለልጄ ሲሉ አቧራ እንኳ አልነካቸውም' አይሉም? ሽማግሌ የሚከበረው ሲደክም ነው። ረዘም የሚል በረራ የላችሁም?"

"አቦ ደስታ!" አሉ ሐጂ አብዲ። "ሰው እንዲፈጥንለት ይከፍላል፣ አንተ እንዲዘገይልህ? ወላሂ አብደሃል!"

ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ደስታ ግን ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው "ልጄ ከእሷ ሌላ አላገባም ብሎኛል" አሉ። አዘንኩላቸውና አቶ መኩሪያን ጠራሁ።

አቶ መኩሪያ ሰሜን ሠርተዋል። "አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከታች ሜዳው ላይ ነው፤ ከተማው ያለው ተራራው ላይ ነው። ከከተማው በቅሎ ይልኩላችኋል" አሏቸው።

"በቅሎውን እምቢ ማለት ይቻላል?" አሉ አቶ ደስታ።

"ማን ይከለክልዎታል!"

ወዲያው ትኬቱን ቆረጥኩላቸው።

ሲመለሱ ሐጂ አብዲ እያነከሱ መስኮቴ ላይ መጥተው ነገሩን አጫወቱኝ። ሦስቱም የተላከላቸውን በቅሎ እምቢ ብለው በእግራቸው ወጡ። ቄሱ አቀበቱን እንደ ፍየል ተያያዙት። አቶ ደስታ ቆም እያሉ ተከተሉ። ሐጂ አብዲ ግን የድሬዳዋ ሜዳ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ የአቀበቱን ግማሽ እንዳለፉ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጠው "እኔን እዚሁ ቅበሩኝ" አሉ።

የልጅቱ አባት ከደጃቸው ሆነው ቁልቁል ያያሉ። በወጉ የሴት ልጅ አባት ሽማግሌን ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። እሳቸው ግን ዱላቸውን አንሥተው ወረዱ፣ ሐጂ አብዲን በክንዳቸው ደግፈው አወጧቸው፣ ከራሳቸው አጠገብም አስቀመጧቸው።

"ልመናችንን እንኳ ሳያስጨርሱን 'ልጄን ሰጥቻለሁ' አሉ" አሉኝ ሐጂ አብዲ።

በደስታ አለቀስኩ። ለሥራዬም ትምህርት ሆነኝ፦ የበረራ ሰዓት ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ብቻ ነው፤ ከማረፊያው እስከ ሰው ደጅ ያለውን መንገድ ትኬት ሻጭ ጠይቆ ማወቅና ለመንገደኛው መንገር አለበት።