አሥራ ሰባት ቁጥር ሰደርያ

ነገሩ የሆነው አምና ነው፣ እዚሁ ሐርጌሳ። ሰው «ጤና ይስጥልኝ» ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ይሆናል።

በበርበራ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ከጋሽ መለሰ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። መሪ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነበር።

ድርጅታችን ሹፌር ሁሉ የአካል ብቃት ፈተና ይወስዳል፣ የወደቀ መኪናውን ያስረክባል አለ። በመጀመሪያው ቀን ጉልበትና መተጣጠፍ ተለካ። ጋሽ መለሰ የእጅ ጥንካሬ መለኪያውን ሲጨብጡት ወጣቶቹን አስከነዷቸው። ፑሽ አፑንም ተወጡት። እግራቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ለመንካት ሲያጎነብሱ ግን ቦርጫቸው አላስጠጋ አላቸው፤ እሳቸውም እኛም ሳቅን።

የፈሩት የማግስቱን ነበር። ሳጥን ላይ ሦስት ደቂቃ ከወጡ ከወረዱ በኋላ የልብ ምት ይቆጠራል። ሰሞኑን ጎማ ሲፈቱ እንኳ ደረታቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

«አንተ ግባልኝ» አሉኝ ሰደርያቸውን እያወለቁ። «መኪናዬን ከነጠቁኝ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

በእኛ ግቢ ሹፌር በስሙ አይጠራም። የሚጠራው በመኪናው የጎን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ሰደርያው ላይ አለ። ጠዋት በራሴ ቁጥር ተፈተንኩ። ከሰዓት ሌላ ፈታኝ ሲተካ የጋሽ መለሰን አሥራ ሰባት ቁጥር ለብሼ ገባሁ። ፀጉሬ ያለ ዕድሜው ስለሸበተ ሰውየው አልጠረጠረም። ጅግጅጋ ተምሮ ያደገ የዚህ አገር ሰው ነው። አንጓዬን ይዞ፣ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ ቆጠረ።

«ማሻአላህ! ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ይሄ የጎረምሳ ልብ ነው» አለኝ።

ጋሽ መለሰ አቅፈው ሳሙኝ። ውለታ የመለስኩ መስሎኝ ኮራሁ። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው።

ወር ሳይሞላ፣ ከበርበራ ሲመለሱ መኪናቸው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል። እሳቸው መሪው ላይ ተደፍተዋል። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ።

ፈታኙ መርዶውን ሰምቶ የፈተናውን ውጤት ወረቀት እንደያዘ ግቢ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወላሂ፣ እኔ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት። ልባቸው ደህና ነበር። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» እያለ ሹፌሮቹን ይጠይቃል።

እኔ እንጀራዬ እንዳይቀር ፈርቼ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ከሰው ኋላ ተደበቅኩ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትቶ መሄዱን ሰማሁ።

ራሳቸው ቢፈተኑ ኖሮ መኪናቸውን ያጡ ነበር፤ ምናልባት ግን ታክመው ዛሬም አብረን እንበላ ነበር። አሁን ደረጃ ወጥቼ ልቤ ደህና ሲመታ ያሳፍረኛል።

ይህን የጻፍኩት ያ ሰው አማርኛ ማንበብ እንደሚችል ስለማውቅ ነው። ወንድሜ፣ አልተሳሳትክም። የቆጠርከው የእኔን ልብ ነው።