ለቤቱ ብለን ነው

ቴልማ ጎልት ዕድሜዋን ሙሉ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አምላኳን ያመለከች ሴት ናት። በሰሜን አየርላንድ፣ በግሌንኮርን መንደር ቤተ ክርስቲያን በግራ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አያቷና አባቷ የተቀመጡበት ቦታ ነው። እንግዳ ተሳስቶ ቢቀመጥበት የምእመናኑ አንገት ሁሉ ይዞራል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዘርና በመኖ መደብር ሠራች። የጌታ ራት እሑድ ሲቃረብ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ዳቦውን የምትቆርጠው እሷ ናት። ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ነጩን አሳንሳ አሳንሳ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ ትደረድረዋለች።

አይሪስ የመጣችው ከቤልፋስት ነበር፣ የአካባቢውን ልጆች ዋና ልታስተምር። ለአንድ ክረምት ብላ ከቴልማ ቤት ክፍል ተከራየች፤ ክረምቱ አለፈ፣ ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ አይሪስ አልሄደችም። መንደሩ «የቴልማ ጓደኛ» አላት። አንድ ላይ ይጋበዛሉ፤ ሰው ሲሞት አንድ ላይ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ የገና ካርድ በሁለቱም ስም ባንድ ፖስታ ይመጣል። ማንም ምንም አልጠየቀም። የዚያ አገር ሰው ደግነቱ አለመጠየቁ ነው፤ ክፋቱም እንደዚያው።

ከዚያ ሕጉ መጣ። የቤልፋስት ፖለቲከኞች ተኳርፈው ምክር ቤታቸውን ዘግተው ሳለ ለንደን ያሉት ወሰኑትና ሴት ሴትን፣ ወንድ ወንድን ማግባት ተፈቀደ። ቴልማ ዜናውን ሰምታ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ነገሩን ያነሳችው አይሪስ ናት።

«አንቺ ብትሞቺ ያ የወንድምሽ ልጅ ቀብርሽ ላይ ሆኖ ነው ቤቱን የሚሸጠው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሻንጣ ተሸክሜ የት ልግባ?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። መቼ ብሎ ያውቃል?»

ከተማ ሄደው ተፈራረሙ። አይሪስ አረንጓዴ ካፖርቷን ለበሰች። ሲወጡ ዓሣና ድንች ጥብስ በሉ፤ ቴልማም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በተሞላ መንገድ ላይ የአይሪስን እጅ ይዛ ሄደች። ጥቂት ርምጃ ነው፣ እስከ መኪናው። በኋላ ቀን ስታስበው ያቺን ርምጃ ከሕይወቷ ሁሉ ለይታ ታስታውሳት ነበር።

መንደሩ በእርግጥም ምንም አላለም። የጌታ ራት ሲደርስ ግን ዩኤል መጣ።

ዩኤል የቴልማ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ከሽማግሌዎች አንዱ ሲሆን በእነሱ በኩል ያሉትን ቤቶች የሚጎበኘው እሱ ነው። ከጌታ ራት በፊት ሽማግሌው ቤት ለቤት ዞሮ ለየአባሉ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣል፤ እሑድ ያንን ካርድ ሳህን ላይ ጥሎ ይቀርባል። ዩኤል ካርድ በእጅ ለመስጠት ያፍራል። ሻይ ይጠጣል፣ ስለ በግ ያወራል፣ ስለ እግዚአብሔር ቃል አይተነፍስም፤ ሲነሳ ሁለቱን ካርዶች ከስኒው ማስቀመጫ ሥር ትቶ ይሄዳል።

በዚያም ቀን ስለ በግ አወራ።

«ዩኤል፣ ይሄ ሦስተኛው ቁራሽ ለውሻው ነው?» አለች አይሪስ፣ ዘቢብ ያለበትን ዳቦ እያቀረበችለት።

«ውሻው ያንቺን ዳቦ አይችለውም፤ ሆዱ ስስ ነው» አላት። ሳቁ። ኮፍያውን አነሳና ወጣ።

ቴልማ የስኒውን ማስቀመጫ አነሳች። ምንም የለም። ሳህኑን አነሳች፣ የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠች። «ረስቶት ነው» አለችና ቦቲዋን አጥልቃ ሮጠች። ዩኤል ሞተሩን ሳያስነሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

«ካርዶቹን ረሳህ እኮ!»

«አልረሳሁም፣ ቴልማ።»

ዝናቡ በአንገቷ ገባ። «መጋቢው ነው?»

«መጋቢው ምን ያድርግ? የቤተ ክርስቲያናችን ጠቅላላ ጉባኤ ነው የቆረጠው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ ጌታ ራት አይቀርቡም ብሏል። እኛማ ዝም ብለን ልናልፈው ነበር። አንቺ ነሽ ሄደሽ የፈረምሽው።»

«ሠላሳ ዓመት ስታውቅ ኖረህ?»

«እኔ ምንም አላውቅም ነበር» አለ፣ መሪውን ጨብጦ። «ማን ነገረኝ? አሁን ግን ስማችሁ በጋብቻ መዝጋቢው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ታየ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ እንሰበሰባለን። ብቅ በይና ለቤቱ ብለን ነው በይ። ለወረቀት ነው፣ እንደ እህትማማች ነን በይ። ሁለተኛ የሚጠይቅሽ የለም።»

«አይሪስስ?»

«አይሪስ ድሮም ለአንቺ ብላ ነው የምትመጣው።»

ወጥ ቤት ስትመለስ አይሪስ ስኒ እያጠበች ነበር፤ በመስኮት አይታለች። ቴልማ ሁሉንም ነገረቻት።

«እህትማማች!» አይሪስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። «ምን ልትይ ነው?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ።»

ማክሰኞ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ መሰብሰቢያ ክፍል መጋቢው፣ ገና ወጣት ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላት። «ወይዘሪት ጎልት፣ ይቀመጡ» አላት። ወይዘሪት። ቴልማ ቃሉን ሰማች፣ አላረመችውም። እናቷ የተቀበረችው ከዚህ ክፍል ግድግዳ ጀርባ ነው። ሌላ የምትጸልይበት ቦታ አታውቅም።

«ለቤቱ ብለን ነው» አለች። «እንደ እህትማማች ነን።»

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ትንፋሻቸው ተመለሰ። አንዱ ሳል ጀመረው። ዩኤል ካርዷን ከኪሱ አወጣና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእጇ ሰጣት።

«ቅዳሜ ዳቦውን እንደ ድሮው ትቆርጭልናለሽ አይደል?» አላት ሌላው።

«እቆርጣለሁ።»

ቤት ስትደርስ አይሪስ «አልሽው?» አለች። «አልኩት።» በጓሮ በኩል ሰው እንዲያየው ብቻ የተነጠፈ አልጋ ያለበት ክፍል አለ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማንም አልተኛበትም፤ ቴልማ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ገርበብ ታደርገው ነበር። አይሪስ ትራሷን ይዛ ወደዚያ ሄደች። «የዋሸሽው እነሱን ነው፣ አውቃለሁ» አለች ከበሩ ላይ። «እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።»

እሑድ የአግዳሚ ወንበሮቹ ጫፍ ለጌታ ራት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ቴልማ ካርዷን ሳህኑ ላይ ጣለች። ከጎኗ የአይሪስ ቦታ ባዶ ነው፤ ማንም ጠጋ አላለም። ዩኤል ዳቦውን ይዞ መጣ፤ ሳህኑን ከሚገባው በላይ ቆየት አድርጎ ያዘላት። አነሳች፣ አፏ ውስጥ አደረገች። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ ስም አልሰጠችውም፣ ግን ይመጣ ነበር። ጠበቀች። ቁጣም አልመጣ፣ ምሕረትም አልመጣ። የዱቄትና የጨው ጣዕም ብቻ።

ውጭ ዝናብ ነው። ዩኤል ጃንጥላውን ዘርግቶ እስከ ግቢው በር ሸኛት።

«አየሽ፣ ቀላል ነበር።»

«አዎ።»

«ለአይሪስ ሰላም በይልኝ» አላት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«እሺ» አለችው ቴልማ።