ከግድቡ ሥር የፈለቀው ጠበል

ሰሞኑን ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰንብቶ፣ ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታችን ቤዝመንት ውኃ አፈለቀ። ልጄ ከደረጃው ላይ ሆና "ዳድ፣ ጀስት ኮል ዘ ፕለምበር" አለችኝ። እኔ ግን ተንበርክኬ ውኃውን በጣቶቼ አሸሁት። አሸዋ የለውም። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

ይህን የተማርኩት በወጣትነቴ፣ በስደት አንድ የብርድ ወራት ባሳለፍኩባት ትንሽ የሆላንድ መንደር ነው። ከወንዙ ግድብ ሥር የተለጠፈች፣ አንድ የንፋስ ወፍጮና አንድ ረጅም ደወል ቤት ያላት መንደር ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ፣ ያን የሚባል ሽማግሌ፣ በሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉ መስመሮችን አሳይቶኝ ነበር። ግድቡ በተደረመሰ ቁጥር ውኃው የደረሰበት ልክ ነው። ከፍተኛው መስመር ከራሴ በላይ ነበር። የመንደሩ ታሪክ በሙሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ቀን ወንዙ ሞላ። ቀና ስንል ከግድቡ ወዲያ ጀልባ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ይታየናል። ከብቱ ተጭኖ ወጥቷል፤ እኛ ስደተኞቹም ሻንጣችንን አስረን አውቶቡስ እንጠብቃለን። የቀረበልንን የአተር ሾርባ እንኳ ፍርሃቱ አላስበላን አለ። በዚህ መሃል አብረውን የነበሩት እትዬ ወርቄ ጠፉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው ወንበር ላይ ሆነው የሚጸልዩ ሴት ናቸው።

ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ግድቡ ሥር ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው! ከሣሩ መሃል ውኃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጠርሙስ ሞልተው ጉልበታቸውን ያጥባሉ።

"ጠበል ፈልቋል ልጄ። ቤተ ክርስቲያን ሥር እኮ ነው" አሉኝ።

እኔስ ምን አውቃለሁ? አገራችን ቢሆን ሕዝቡ ይተም ነበር። ደስ ብሎኝ ጠርሙሱን ለያን ወሰድኩለት። ወደ ብርሃኑ አነሳው፤ ከታች አሸዋ ዘቅጧል። ፊቱ ነጣ።

"ንጹሕ ቢሆን ግድ የለም። አሸዋ ከያዘ ግን ግድቡ ከሥሩ እየተበላ ነው። የት ነው?"

ደወሉ ተደወለ። ሰው አሸዋ የሞላ ጆንያ እየተሸከመ መጣ፤ እኛም አውቶቡሱን ትተን ተሰለፍን። ውኃው ከፍ ብሎ በገዛ ክብደቱ እንዲታፈን፣ ምንጩን እንደ ጉድጓድ አፍ ዙሪያውን በጆንያ ከበብነው። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይርገፈገፍ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሊመሽ ሲል ውኃው ጠራ፤ ግድቡም ቆመ።

ጠበል እንዳልነበረ ለእትዬ ወርቄ ስነግራቸው አልከፋቸውም። ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ታዲያ ማን አንበረከከኝ?" አሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት በምንጩ አጠገብ ያለፍነው ብዙ ነበርን፤ ሁላችንም ጭቃ መስሎን ዘለልነው። ቤዝመንቱ ውስጥ ሆኜ፣ ልጄ እንዳለችኝ ፕለምበሩን ኮል አደረግኩት። እስኪመጣ ግን ከተንበረከክሁበት አልተነሳሁም።