በሰዓዳ ፍላሽ ላይ የደበቅሁት መልስ

ቡታጅራ ኢንተርኔት ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ወልዴ መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ፍላሽ ነው። «የሰው ፍላሽ ዝም ብለሽ አትክፈቺ። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ይፈተሻል።» የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ግማሽ ቀን እማራለሁ፣ ግማሽ ቀን እሠራለሁ።

የዚያን ጊዜ ቫይረስ ፎልደር ይደብቅ ነበር። ደንበኛ «ፋይሌ ጠፋ!» ብሎ ሲደነግጥ አወጣለታለሁ። ጋሽ ወልዴ «ጎበዝ!» ካሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ፣ ለመግቢያ ፈተና የሚሆኑ የሒሳብ ቪዲዮዎችንና ጥያቄዎችን ከኢንተርኔት በነፃ ማውረድ የእኔ ሥራ ሆነ። ኮኔክሽኑ ጠዋት ስለሚሻል ቤቱን እንደከፈትኩ አስጀምራለሁ። መብራት ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው። ጥያቄዎቹን በአንድ ፎልደር፣ መልሳቸውን በሌላ አስቀምጣለሁ።

ሰዓዳ የክፍሌ ልጅ ናት። አባቷ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። በገበያ ቀን ከሱቃቸው በቀጥታ ስትመጣ የበርበሬው ሽታ ጋሽ ወልዴን ያስነጥሳቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ! ይማርዎት!»

«አንቺ ልጅ፣ ገና ከበር ሳትገቢ!»

ይሳሳቃሉ። እኔ አልስቅም። በሒሳብ አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እኔ ነበርን።

አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ ከኋላዋ ቆመው ጠሩኝ። «ምሕረት፣ ይቺን ልጅ እያት! ቪዲዮውን እያቆመች ጥያቄውን ቀድማ ትሠራዋለች።» ቪዲዮውን ሦስት ጠዋት ታግዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። የተመሰገነችው እሷ።

በማግስቱ ፍላሿን ሰጥታኝ ሁሉንም ገለበጥኩላት። ከዚያ የመልሱን ፎልደር ደበቅሁት። ቫይረሱ የሚያደርገውን እኔ በእጄ አደረግሁ።

«ምሕረት፣ መልሱ የለም እኮ» ብላ ተመለሰች።

«ቫይረስ ይሆናል።»

«አውጪልኛ!»

«ይሄኛው አይወጣም» አልኳት፤ ዐይኗን ሳላይ።

«እንግዲህ ራሴ እሠራዋለኋ።»

እኔ ግን ጥያቄውን አንብቤ ወዲያው መልሱን እከፍት ነበር። ሲገባኝ የሠራሁት ይመስለኝ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አራት ሰው በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ በስንት መንገድ ይቀመጣል? ስንት አገኘሽ?»

«ሃያ አራት።» ያወረድኩት መልስ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

«ስድስት ነው!» አራት ፍላሽ ከመሳቢያችን አውጥታ በክብ ደረደረችና አንድ አንድ ቦታ አዞረቻቸው። «አየሽ? ዞሩ እንጂ አቀማመጣቸው ያው ነው።»

ልክ ነበረች። የነፈግኋት መልስ ስህተት ነበር፤ እኔ ስሸመድደው ከርሜያለሁ።

በፈተናው ሁለታችንም አለፍን። በሒሳብ ግን በሰፊው በለጠችኝ። ውጤት የሰማን ሰሞን ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ብቅ አለች።

«ያ ቫይረስ ተሻለው?»

ኪቦርዱን መወልወል ጀመርኩ።

«የአጎቴ ልጅ ፎልደሩን አወጣልኝ። ቫይረስም አላገኘበትም።»

«መቼ?»

«ከፈተናው በፊት። ግን ጥያቄዎቹን ራሴ ሠርቼ ጨርሼ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። «አይ አንቺ!» ብላ ሳቀች። አለመቆጣቷም አስቀናኝ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታናናሾቼ ፍላሽ ሲሰጡኝ ጥያቄውንም መልሱንም እገለብጥላቸዋለሁ። «መልሱ የሚከፈተው ከሠራችሁ በኋላ ነው» እላቸዋለሁ።