የበርጩማው ነገር

ንግዴ ሲዳከምብኝ ፒያሳ፣ መንግሥት የወረሰው የጨርቅ መደብር ውስጥ ሻጭ ሆኜ ገባሁ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ ያመጣው ለውጥ ከባንኮኒው ጀርባ የነበሩትን በርጩማዎች ማስወጣት ነበር። ተቀምጦ የሚሸጥ አድኃሪ ነው አለ። እሱ ራሱ ካኪን ከአቡጀዲ የሚለይ አይመስለኝም።

ነገሩ የጎዳው ሽማግሌውን ለኪያችንን ነው። ዕድሜያቸውን እዚያ ሱቅ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ያብጣል፤ ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚቆሙት።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጣች። ስለ ሠራተኛ እድገት፣ ስለ አመራርና ስለ መሥሪያ ቤት ለውጥ ታጠናለች። ለአሥራ አንዳችንም መጠይቅ አደለችና፣ "ስም አይጻፍም። የሚያስቸግራችሁን በግልጽ ጻፉ" አለች።

ስም ባይጻፍስ፣ የእጅ ጽሑፍ የት ይሄዳል? በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ የሰፈረ ቅሬታ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። መከርንና ሁሉንም አንድ ሰው ይሙላው ተባለ። ብልጥ ነው ብለው እኔን መረጡ።

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሲሰጡኝ፣ "በርጩማዬን ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉ።

"እሺ፣ ጋሼ።"

እሺ ማለት ቀላል ነው። ጽሕፈቱ ግን የእኔ ነው፤ ቢያዝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አሥራ አንዱም ላይ "በጣም ረክቻለሁ" ብዬ ሞላሁ።

ተመራማሪዋ ተመልሳ ስታያቸው ደሟ ፈላ። "በአንድ እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ!"

"እህቴ፣ እኛ እኮ አንድ ልብ ነን።"

"እንግዲህ ልባችሁን ራሳችሁ አጥኑት!" ወረቀቶቹን ባንኮኒው ላይ ወርውራ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ለቅሞ ወሰዳቸውና በቅዳሜው ስብሰባ አነበባቸው። "ጓዶች፣ በርጩማው ከወጣ ወዲህ ቅሬታ ያለው አንድም ሰው የለም!" ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሽማግሌው አላጨበጨቡም፤ ወደ እኔ ዞረው፣ "አሥራ አንዱም?" ብቻ አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው የሚለኩባትን ሜትር እጄ ላይ አኖሩና ከባንኮኒው ጀርባ የካኪ ጥቅል ላይ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ሰውዬው ይመጣል!"

"ይምጣ። አንተ በጣም ረክተሃል፤ ቆመህ ለካ።"

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቆሜ ለካሁ። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ጨርቁን ሰፋ አድርጌ ዘርግቼ እከልላቸው ነበር።